በአሃዝ የሚለዩ ተከታታይ ቁጥሮች ሲሳሳቱባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ቁጥሮችን በቤዝ 3፣ በቤዝ 12 ወይም በቤዝ −2 (ቤዝ ማለት ቁጥር የሚጻፍበት መሠረት ነው፤ የለመድነው 10 ነው) ጽፎ በአሃዛቸው የሚመርጥ ኮድ ሲሳሳት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው መምረጫው ላይ ሳይሆን ቁጥሩን ወደ አሃዝ የሚቀይረው ክፍል ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።

ምልክት፦ የማይገባ ቁጥር ገባ
በቤዝ 12 ከፊትም ከኋላም ሲነበቡ አንድ የሆኑትን ስትፈልጉ 121 ከተገኘ ችግር አለ። 121 ማለት 10 ጊዜ 12 ሲደመር 1 ነው፤ አሃዞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ 10 እና 1። ኮዱ አጣብቆ «101» ብሎ ስለጻፋቸው ቁጥሩ ሸውዶ አለፈ። አሃዞቹን በሊስት ያዙ። ከ9 በላይ ያሉትን በላቲን ፊደል መተካትም ይቻላል፣ ግን ፊደሎቹ ቤዝ 36 ላይ ያልቃሉ።

ምልክት፦ በቤዝ 3 በ2 የሚጀምሩት 2፣ 6፣ 7፣ 8፣ 18 መሆን ሲገባቸው 2፣ 5፣ 8፣ 11 ወጣ
ቁጥሩን ለቤዙ ደጋግማችሁ እያካፈላችሁ ቀሪ ስትይዙ መጀመሪያ የሚመጣው የመጨረሻው አሃዝ ነው። ሊስቱን ገልብጡት፣ አለቀ። (ከላይ ባየነው ዓይነት ፍለጋ ይሄ ስህተት በጭራሽ አይታይም፤ ሲገለበጡም ያው ናቸውና።)

ምልክት፦ 0 የሌለባቸውን ስትፈልጉ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ
ርዝመቱን ለማስተካከል ከፊት ዜሮ ሞልታችኋል። አውጡት። በቤዝ 3 ከሆነ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 13 መምጣት አለበት።

ምልክት፦ በቤዝ −2 አሃዙ −1 ሆነ
ይሄኛው ነው ሰው የሚያደክመው። በፓይተን (Python) የፕሮግራም ቋንቋ 3ን ለ−2 ስታካፍሉ ድርሻው −2፣ ቀሪው −1 ነው፤ በሲ (C) ቋንቋ ደግሞ ድርሻው −1፣ ቀሪው 1 ይሆንና ስህተቱ የሚወጣው ተካፋዩ ኔጋቲቭ ሲሆን ብቻ ነው፣ ስለዚህ በአንዳንድ ቁጥሮች ላይ ኮዱ ጤነኛ ይመስላል። መፍትሄው ለሁለቱም አንድ ነው፦ ቀሪው ከ0 ካነሰ ቀሪው ላይ 2፣ ድርሻው ላይ 1 ጨምሩ። 3 ያኔ 111 ይሆናል፤ 4 ሲቀነስ 2፣ ሲደመር 1።

ምልክት፦ ትክክል ነው፣ ግን አያልቅም
በቤዝ 3 አሃዝ 2 የሌለባቸው ቁጥሮች ከ3,486,784,401 (የ3 ሃያኛ ርቢ) በታች 1,048,576 ብቻ ናቸው። ለነሱ ሲባል ሁሉንም አንድ በአንድ ማበጠር ከንቱ ድካም ነው። አታጣሩ፣ ፍጠሯቸው፦ ተራ ቁጥሩን (ስንተኛ እንደሆነ የሚያሳየውን) በቤዝ 2 ጻፉና ቤዝ 3 እንደሆነ አድርጋችሁ አንብቡት። 5 በቤዝ 2 101 ነው፤ በቤዝ 3 ሲነበብ 9 ሲደመር 1፣ ማለትም 10። ከ0 ጀምራችሁ ስትቆጥሩ 0፣ 1፣ 3፣ 4፣ 9፣ 10 ይላል፤ ያንኑ በቤዝ 4 ካነበባችሁት ደግሞ 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 16፣ 17 ይወጣል።