ቶርክ ኮንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት

የአውቶማቲክ መኪናችሁ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሊቀየር ከሆነ፣ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ ሎክአፕ (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚቆልፍ ፍሪሲዮን) ያለው ነው ወይስ የሌለው?

ሎክአፕ የሌለው ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በዘይት ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ የሙቀቱን ሒሳብ ደግሞ እናንተ ማደያው ላይ ትከፍላላችሁ። ሎክአፕ ያለው ግን ፍጥነቱ ሲረጋ ውስጡ ያለው ፍሪሲዮን ሁለቱን አጥብቆ ይይዛቸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ቆም ሄድ እያላችሁ ስትወርዱ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ፍሪሲዮኑ ለመያዝ ፋታ አያገኝም። የሚታወቀው ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ስትጓዙ ነው። ቢሆንም መኪናው ሲሠራ ሎክአፕ ከነበረው ሎክአፕ ያለውን ግዙ። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚለውን ሻጭ አትስሙ፤ በብዙ ካምቢዮዎች የዘይቱ አካሄድ ስለሚለያይ ዝም ብሎ አይለዋወጥም።

መሥራቱን ለመፈተን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሜዳማ መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በስሱ ንኩት። በብዙ መኪኖች የሞተሩ ዙር በ200 ወይም በ300 ከፍ ካለ ተቆልፎ ነበር ማለት ነው። ከኋላ የሚከተላችሁ መኪና አለመኖሩን ግን አስቀድማችሁ እዩ።