የመንግሥት ተቋማት የሥራ ቅነሳ ክፍያ እንዴት ይመረመራል?

በሥራ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ለቁጥጥር አስቸጋሪ ከሆኑት የመንግሥት ወጪዎች ይመደባል። ክፍያው የሚፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተቀባዩም ገንዘቡን እንደያዘ ከተቋሙ ይወጣል። ተሰናባቹ ከፍተኛ ኃላፊ ሲሆን ደግሞ ክፍያውን የሚያጸድቁት ብዙውን ጊዜ ለዓመታት አብረውት የሠሩ ባልደረቦቹ ናቸው። ይህ መመሪያ ለውስጥ ኦዲተሮች፣ ለሥራ አመራር ቦርድ አባላትና ተቋማትን ለሚከታተሉ የምክር ቤት ኮሚቴ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ምርመራው ስሌቱን ከማየት በፊት ከውሳኔው መጀመር እንዳለበት ያሳያል። ስሌቱ እስከ ሳንቲም ድረስ ትክክል ሆኖ ክፍያው ግን ጨርሶ መፈጸም ያልነበረበት ሊሆን ይችላልና።

መደቡ በእርግጥ ተሰርዟል?

የቅነሳ ክፍያ የሚገባው ተቋሙ የሥራ መደቡን ስለማይፈልገው ሲያስቀረው ነው። በአፈጻጸም ድክመት፣ በዲሲፕሊን ጥፋት ወይም ከበላይ ኃላፊ ጋር ባለመስማማት የሚለቅ ሰው የሚስተናገድበት ሥርዓት ሌላ ነው፤ ሆኖም አስቸጋሪውን መንገድ ለመሸሽ ሲባል «መደቡ ታጥፏል» ተብሎ ሰውየው በገንዘብ የሚሸኝበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ መርማሪው ከቅነሳው በፊት የነበረውንና በኋላ የጸደቀውን መዋቅር ጎን ለጎን አስቀምጦ የተሰረዘውን መደብ የሥራ ዝርዝር ከአዳዲሶቹ መደቦች ዝርዝር ጋር ማነጻጸር አለበት። የመጠሪያው መለወጥ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ የሚታየው የተግባሩ ይዘት፣ ተጠሪነቱና በጀቱ ነው። ከስንብቱ በኋላ ባሉት አሥራ ሁለት ወራት የወጡትን የቅጥር ማስታወቂያዎች፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዶችና የአማካሪ ውሎች መመልከትም አይዘነጋ፤ የተሰናበተው ሰው በአማካሪነት ስም ወደዚያው ጠረጴዛ ተመልሶ የሚገኝባቸው ጊዜያት አሉ። በብሪታንያ የጤና አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ መልክ ሲዋቀር የቅነሳ ክፍያ ከወሰዱት መካከል ከ2,000 የሚበልጡት እዚያው የጤና አገልግሎት ውስጥ ተመልሰው መቀጠራቸው ፓርላማውን አነጋግሯል።

ሌላው ማስረጃ የምክክሩ ቃለ ጉባዔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 158ኛ ስምምነት፣ አሠሪው በኢኮኖሚያዊ፣ በቴክኖሎጂ፣ በመዋቅራዊ ወይም በመሰል ምክንያቶች ሠራተኛ ለማሰናበት ሲያስብ ለሠራተኛ ተወካዮች በወቅቱ መረጃ እንዲሰጥና እንዲመክር ይጠይቃል። እውነተኛ ቅነሳ በተካሄደበት ተቋም እንዲህ ያለ ሰነድ በቀላሉ ይገኛል፤ የታጠፈው የአንድ ሰው መደብ ብቻ ሆኖ ምክክሩም በአንድ ከሰዓት በኋላ የተጠናቀቀ ከሆነ ግን ጠበቅ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚገባውን ከተጨማሪው መለየት

መደቡ መሰረዙ ከተረጋገጠ በኋላ አጠቃላይ ድምሩን በሦስት ዓምድ መከፋፈል ይገባል፤ በሕግ የሚከፈለው፣ በቅጥር ውል ወይም በኅብረት ስምምነት የሚከፈለውና ከሁለቱም በላይ በኃላፊዎች ፈቃድ የተጨመረው። ለመጀመሪያው የሕጉ አንቀጽ፣ ለሁለተኛው የውሉ አንቀጽ፣ ለሦስተኛው ደግሞ የማጽደቂያ ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። በአንድ መስመር «የስንብት ጥቅማጥቅም» ተብሎ የተመዘገበ ድምር ሳይከፋፈል መቀበል የለበትም፤ የሦስተኛው ዓምድ ገንዘብ የሚደበቀው እንዲህ ባለ ጥቅል ስም ስር ነውና።

ሁለቱ ዓምዶችም ቢሆኑ ከስህተት የጸዱ አይደሉም። የአንድ የመምሪያ ኃላፊ ፋይል እንመልከት እንበል። የአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎት አለው፤ ውሉ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝና የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የመጨረሻ የወር ደመወዙ 40,000 ሲሆን የተከፈለው 480,000 የአገልግሎት ክፍያና 240,000 የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ በድምሩ 720,000 ነው። ብዜቱ ትክክል ነው። የግል ማኅደሩ ሲገለጥ ግን ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ የደረሰው ከመውጣቱ ከአራት ወር በፊት መሆኑና እነዚያን አራት ወራት ደመወዝ እየተከፈለው መሥራቱ ይታያል። የቀረው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለነበር 160,000 ያለአግባብ ተከፍሏል። ደመወዙም ከስንብቱ ሁለት ወር በፊት ከ32,000 ወደ 40,000 ያደገ ሲሆን፣ ይህ ጭማሪ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ በ96,000 አሳድጎታል። ጭማሪው ለሁሉም ሠራተኛ የተደረገ ከሆነ ጥያቄ አያስነሳም፤ ለእሱ ብቻ ተደርጎ ከሆነ ግን የፈረመው ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። እነዚህን ሁለት ግኝቶች ሒሳብ ማሽን አያወጣቸውም፤ የሚገኙት የደብዳቤዎቹን ቀን በማመሳከር ነው።

ከማስጠንቀቂያ በላይ መክፈል በትልልቅ ተቋማትም የታየ ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ቢቢሲ እስከ ታኅሣሥ 2012 በነበሩት ሦስት ዓመታት ለ150 ከፍተኛ ኃላፊዎች 25 ሚሊዮን ፓውንድ የስንብት ገንዘብ መክፈሉን ገልጿል። ኦዲተሮቹ በቅርበት ከመረመሯቸው 60 ፋይሎች በ14ቱ በማስጠንቀቂያ ምትክ የተከፈለው ደመወዝ ተሰናባቾቹ ከሚገባቸው በልጦ ተገኝቷል፤ ይህም ቢያንስ 1 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቷል። ቢቢሲ በዚያው ዓመት የቅነሳ ክፍያውን በ150,000 ፓውንድ ገድቧል። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012፣ በዋና ዳይሬክተርነት 54 ቀን የቆዩት ጆርጅ ኤንትዊስል በገዛ ፈቃዳቸው ሲለቁ ውላቸው የሚፈቅድላቸው የስድስት ወር ደመወዝ ሆኖ ሳለ የአሥራ ሁለት ወር፣ ማለትም 450,000 ፓውንድ፣ ተፈቅዶላቸው ነበር። ለመርማሪ ትልቁ ትምህርት ተጨማሪውን ስድስት ወር ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ፈቀደው የሚለው ጥያቄ በአደባባይ መቅረቡና መልስ የሚሰጥ አካል መኖሩ ነው።

ማጽደቁ ከክፍያው መቅደም አለበት

ከሕግና ከውል በላይ የሚከፈል ማንኛውም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ የቀረበ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ሰነዱ ሰውየውን በሌላ መደብ የመመደብ ዕድል መታየቱን፣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቢያመራ ተቋሙ ሊረታ የሚችልበትን ዕድልና ወጪውን፣ እንዲሁም ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚካካስ መግለጽ አለበት። ለምሳሌ 900,000 ወጥቶበት በዓመት 300,000 የሚያድን ቅነሳ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ኃላፊው በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጣ ከነበረ ተቋሙ ምንም አላዳነም። የሕግ ባለሙያ አስተያየት ከተያያዘም ቀኑ ይታይ፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የተጻፈ አስተያየት ለውሳኔው መነሻ ሊሆን አይችልም። አጽዳቂው አካል ከተሰናባቹ መሥሪያ ቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ በብሪታንያ ከሕግና ከውል በላይ የሚደረጉ የስንብት ክፍያዎች የግምጃ ቤቱን ይሁንታ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከወጪው ስሌት በብዛት የሚረሳው ጡረታው ነው። በቅነሳ ምክንያት ከመደበኛ ዕድሜው ቀድሞ ሙሉ ጡረታ የሚጀምር ሰው ካለ አሠሪው ለጡረታ ፈንዱ የሚያስገባው ማሟያ ለሰውየው በእጁ ከሚሰጠው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ መገደብም ጣጣ አለው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 4 ቀን 2020 ጀምሮ በመንግሥት ዘርፍ የስንብት ክፍያ ላይ የ95,000 ፓውንድ ጣሪያ አበጅታ የጡረታ ማሟያውንም በዚያ ውስጥ ስታካትት፣ ገደቡ ከፍተኛ ደመወዝ በማያገኙ ነገር ግን ረጅም ዓመት ባገለገሉ ሠራተኞች ላይ ጭምር የሚያርፍ ሆነ፤ መንግሥትም ያልታሰቡ ውጤቶች ማስከተሉን ጠቅሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ተግባራዊነቱን አቆመ። በእኔ ግምት ጥብቅ ጣሪያ ከማውጣት ይልቅ የፈራሚውን ስም ማሳወቅ የተሻለ ይሠራል።

የምስጢራዊነት ስምምነት በስንብት ውል ውስጥ ከገባ ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስምምነቱ ለኦዲተር፣ ለምክር ቤት ኮሚቴ ወይም ብልሹ አሠራር ለሚያጋልጥ ሰው መከልከያ ሊሆን አይገባም፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከተገኘ ክፍያው ራሱ ዝምታ ለመግዛት የተደረገ እንዳይሆን ተሰናባቹ ቀደም ሲል ያቀረባቸውን አቤቱታዎች መርምሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከግኝቱ በኋላ

ሪፖርቱ ድምር ብቻ ይዞ እንዳይቀርብ። በደመወዝ እርከን የተከፋፈለ የተሰናባቾች ቁጥር፣ ትልቁ ክፍያ፣ ከሕግና ከውል በላይ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብና ያጸደቀው ኃላፊ የሥራ መጠሪያ መካተት አለባቸው፤ የዝቅተኛ ሠራተኞችን የግል መረጃ ግን መጠበቅ ይገባል። ያለአግባብ የተከፈለውን ለማስመለስ ተቋሙ መጀመሪያ የስሌቱን ዝርዝር አያይዞ ለተቀባዩ በጽሑፍ ያሳውቅ። ገንዘቡን የተቀበለው በቅንነት ከሆነ በየወሩ እየከፈለ እንዲመልስ ማድረግ ክርክሩን ያሳጥራል። ከቢቢሲ የወጣ አንድ የቀድሞ ኃላፊ ክፍያው በአግባቡ ሳይጸድቅ መቅረቱን ባወቀ ጊዜ 375,000 ፓውንድ ገደማ በራሱ ፈቃድ መልሷል፤ ነገር ግን ይህን ከሁሉም መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ወደፊት በሚፈረሙ የስንብት ውሎች ውስጥ፣ ተሰናባቹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ መንግሥት ሥራ ቢመለስ የክፍያውን ተመጣጣኝ ክፍል እንደሚመልስ የሚደነግግ አንቀጽ መግባቱን መርማሪው በቀጣዩ ዓመት የክትትል ኦዲት ያረጋግጥ።