ምግብ ቀንሰው ኪሎ አልቀንስ ሲልዎ፦ ችግሩና መፍትሄው

ቁርስ ትተው፣ ማታ ግማሽ እንጀራ ብቻ ቀምሰው ተኝተው፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ንቅንቅ አልል ካለ ያቺን ግማሽ እንጀራ ወደ ሩብ ለማውረድ አይቸኩሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ድስቱ ነው።

እንጀራው ቀንሷል፣ ኪሎው ግን ያው ነው

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። ለአራት ሰው ሽሮ ሲሠራ ዘይቱ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ይንቆረቆራል፤ ስምንት ማንኪያ ሳይታወቅ ይገባል። ይህ 960 ካሎሪ ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 240 ይደርሰዋል፣ ያውም እንጀራው ሳይቆጠር። ወጡ ሲወጣ ዳር ዳሩን የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት ከሥር ያለው እንጀራ ይመጠዋል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ በጣም የምንወደው ያንን የራሰ እንጀራ ነው። ንጥር ቅቤም በዚህ ረገድ ከዘይት አይሻልም።

መፍትሄው ወጥ መተው አይደለም። የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በመጠነኛ እሳት ያቁላሉት። ሲደርቅ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ቀለሙ ሲለወጥ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው፣ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ይጨምሩ፤ ከዚያ በርበሬው ይከተላል። ዘይት የበዛበት ወጥ ብቻ ይጣፍጣል የሚለውን አልቀበልም። ቁሌቱ በቂ ጊዜ ካገኘ ወጡ ይወፍራል፣ ጣዕሙም አይጓደልም።

ከማዕድ ውጭ የሚበላውም ይቆጠር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 16 ካሎሪ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው 100 ያህል ካሎሪ ጠጣ ማለት ነው። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ለውዝ ደግሞ በ100 ግራም ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። ለአንድ ሳምንት ወደ አፍ የሚገባውን ሁሉ፣ ከልጆች የተረፈውንም ጭምር፣ ሳይዘገዩ ይጻፉ።

በጾም ወቅት ኪሎ ጨመረ

ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ሲቀር ቦታቸውን ዘይት ይወስዳል። ፕሮቲን ስለሚያንስም ረሃቡ ቶሎ ይመለሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ደግሞ ሲቀመጥ ብዙ ይበላል። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ከማዕዱ አይጥፉ፤ ጎመኑ ይብዛ። ሳምቡሳና ፓስቲ የየዕለት ምግብ አይሁኑ።

መጀመሪያ በፍጥነት ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው በአብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ የሚያከማቹት ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ በግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም ይወጣል። ስለዚህ በኋላ የመጣው ዝግታ ውድቀት አይደለም። ጨው የበዛበት ምግብና የወር አበባ መቃረብም ውሃ ስለሚይዙ የአንድ ቀን ሚዛን አይታመንም። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት እየተመዘኑ የሳምንቱን አማካይ ያውጡ፤ ወገብዎንም በሜትር ይለኩ። ወገቡ እየጠበበ ከሆነ ሥራው እየተሠራ ነው።

ሁሉም ተለክቶ ለወራት ለውጥ የለም

አሁን ጥፋቱን ሆድዎ ላይ መፈለግ ይብቃ። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ ወይም የአንገት እብጠት ካለ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። የወር አበባ መዛባት ከፊት ላይ ፀጉር ጋር ከመጣ የእንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል) ችግር ሊኖር ስለሚችል የማህፀን ሐኪም ይየው። ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን (ለአለርጂና ለመሰል ሕመሞች የሚታዘዝ ስቴሮይድ)፣ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጧቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና ያንን የሳምንት የምግብ ማስታወሻ ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።