ፍላሻችሁ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ? ፎርማት እንዳታደርጉት!

ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጋችሁ ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠበቃችሁ? አትደንግጡ፣ ቫይረስ ነው የደበቀው። ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ እዩ። የተያዘው ቦታ እንደ ድሮው ከሆነ ፋይላችሁ እዚያው አለ።

ትንሿ ቀስት ያለችበትን ሾርትከት ግን እንዳትከፍቱ! ቫይረሱን የምታስነሳው እሷ ናት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱና ከላይ ቪው፣ ቀጥሎ ኦፕሽንስ ግቡ። (11 ላይ ኦፕሽንስ ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ነው።) እዚያም ቪው ታብ ላይ «ሾው ሂድን ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆምና «እምቢ አለኝ» ይላል። ቫይረሱ ፋይሉን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቀው፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን የራይት ምልክትም (✓) አንሱ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የስ በሉት፣ ከዚያ ኦኬ በሉ።

ፍላሹ ውስጥ ፎልደሮቹ ፈዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ታገኟቸዋላችሁ። የራሳችሁን ዶክመንትና ፎቶ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ፤ የማታውቁትን ተዉት። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ዲፌንደር ስካን አድርጉና ፍላሹን አሁን ፎርማት አድርጉት። ያነሳችሁትን ራይት መልሱ።

ለሚቀጥለው ፕሪንት ፋይሉን በቴሌግራም ላኩላቸው።