የተሰረቀ ላፕቶፕ ፍለጋ፦ ሌባው የሚጎድለውን ተከተሉ

ሜክሲኮ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ባለቤቱ ያመጣውም፣ ባለቤቱ ያላመጣውም ዕቃ ያርፋል። ላፕቶፕ የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፦ ቻርጀርና ፓስወርድ። ሁለቱንም ፍለጋ የሚመጣው ደግሞ ወደ እኛ ነው። ስለዚህ ዕቃቸው የጠፋባቸው ሰዎች ሳተላይት ይከታተልልኝ ብለው ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ማለትም ፋብሪካው ለዚያ ላፕቶፕ ብቻ የሰጠውን መለያ ነው የምጠይቃቸው።

ከዚያ በፊት ግን መሰረቁን አጣሩ። ታክሲ ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ ገና አልተሰረቀም። በአፕ የጠራችሁት መኪና ከሆነ የጉዞ ታሪኩ ውስጥ ገብታችሁ ሾፌሩን ፈልጉ፤ ሌላ ሰው ሳይሳፈር ድረሱበት። ሚኒባስ ከሆነ ወደ ተሳፈራችሁበት ተራ ተመለሱና ተራ አስከባሪዎቹን አናግሩ። የትኛው መኪና መቼ እንደወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ረዳቱንም በስሙ ይጠሩታል። ካፌ ከነበራችሁ ካሜራ እንዳለ ጠይቁ። የካሜራ ቅጂ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተቀዳ ይጠፋልና በዚያው ቀን ሂዱ። «ያለ ፖሊስ አናሳይም» ካሏችሁ አትጨቃጨቁ። ሰዓቱን ነግራችሁ እንዳይጠፋ ብቻ ለምኗቸው።

እዚያም ከሌለ ስልካችሁን አውጡ። ቴሌግራም ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ ከነበረ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ስትነኩ የኮምፒውተሩ ስም ይመጣል። ሰው ሲደነግጥ ላፕቶፑን ወዲያው ከቴሌግራሙ ያስወጣዋል። ቆይ! አስቀድማችሁ ስክሪንሻት አንሱት። መጨረሻ የታየበት ሰዓት ከተሰረቀ በኋላ ከሆነ፣ አንድ ሰው ከፍቶ ኢንተርኔት አገናኝቶታል ማለት ነው። ቦታው «አዲስ አበባ» ቢል ግን ብዙም አትደሰቱ። ቦታው የሚገመተው ከአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ ከሚታወቅበት ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ የቤት ቁጥር አይደለም፤ ከዚያ ተነስቶ የደንበኛውን ማንነት በሕግ አግባብ የሚጠይቀው ፖሊስ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ስክሪንሻቱን ከያዛችሁ በኋላ አስወጡት። የጂሜል ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከጉግል አካውንታችሁ ላይም መሣሪያውን አውጡ። ክሮም ላይ ያስቀመጣችሁትን የባንክና የሥራ ፓስወርድ ሁሉ እንደተወሰደ ቁጠሩት።

ዊንዶውስ «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ» የሚባል አገልግሎት አለው። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ከፍታችሁ መሣሪያዎች የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቦታውን ያሳያል፣ ከርቀትም ያስቆልፋል። ችግሩ፣ የሚሠራው ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረና በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ነው። እኛ አገር ዊንዶውስ የሚጭነው ልጅ ነገሩን ለማሳጠር ሎካል አካውንት (ከማይክሮሶፍት ጋር ያልተያያዘ፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያለ) ፈጥሮ ይሰጣል፤ እኔም ደንበኛው ካልጠየቀኝ እንደዚያው ነው የማደርገው። ላፕቶፑ ፎርማት ከተደረገ ደግሞ ነገሩ አበቃ።

ማክቡክ የተሻለ ዕድል አለው። «ፋይንድ ማይ» በርቶ ከነበረ፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም እንኳ አጠገቡ የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ቦታውን ሊያሳውቁላችሁ ይችላሉ። የአፕል ቺፕ ያላቸው ማክቡኮች ተደምስሰው እንኳ ያለ እናንተ አፕል አካውንት እንደገና አይነሱም። ስለዚህ ምንም ቢሆን ከአፕል አካውንታችሁ አታጥፉት። «ማክቡክዎ ተገኝቷል፣ እዚህ ይግቡ» የሚል መልእክት ከመጣ ፓስወርዳችሁን የሚፈልገው ያው የያዘው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሲሪያሉ። ካርቶኑ ላይ አለ፤ ካርቶኑ ከተጣለ ደረሰኙን እዩ፤ ደረሰኙ ላይ ከሌለ የሸጠላችሁን ሱቅ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት ከሆነ አይቲ ወይም ንብረት ክፍል መዝግቦታል። ሌባ ከሥር ያለውን ወረቀት ይልጠዋል፤ ግን ቁጥሩ ባዮስ ውስጥም፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ የራሱ ሴቲንግ ውስጥም አለ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ዴል ላቲቲውድ ይዞ መጣ። ቻርጀር የለውም፣ ፓስወርዱን «ወንድሜ ረስቶት ነው» አለ። ገልብጬ ሳየው ወረቀቱ በጥፍር ተፍቆ፣ ሙጫው ላይ አቧራ ተጣብቆ ጠቁሯል። ኤፍ 2 ተጭኜ ሳስነሳው ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ (ዴል ሲሪያሉን የሚጠራበት ስም ነው) ቁልጭ ብሎ ወጣ። ማንም ሰው ያንን ቁጥር ለእኔ ትቶ ስላልሄደ ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም። «አልከፍትም» አልኩት፣ ይዞት ወጣ።

ስለዚህ ቁጥሩን፣ ሞዴሉንና ስልካችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ዙሩ። ዕቃው በጠፋበት ሰፈር ያሉትን ጥገና ቤቶች፣ ቻርጀር የሚሸጡትን፣ መርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙትን አዳርሱ። ሌባ እያላችሁ አትግቡ፤ «ቢመጣ ደውሉልኝ፣ ወሮታ አለው» በሏቸው። ነጋዴው ራሱ መጠንቀቅ ይፈልጋል። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 በመሸሸግ ይጠየቃልና።

ጎን ለጎን የቴሌግራም መሸጫ ቻናሎችንና ጂጂ የሚባለውን የኢንተርኔት መሸጫ ፈትሹ። በሞዴሉ ፈልጉና ፎቶውን አተኩራችሁ እዩ፤ የተለጠፈ ስቲከር፣ የተሰነጠቀ ጥግ፣ የተፋቀ ቁልፍ ያሳብቃል። ካገኛችሁት ማስታወቂያውን ከነስልክ ቁጥሩ ስክሪንሻት አድርጋችሁ ለመርማሪው ስጡ። ገዢ መስላችሁ ብቻችሁን አትሂዱ።

እናንተም የጠፋ ማስታወቂያ ስትለጥፉ ሙሉውን ሲሪያል አትጻፉ። መደወላቸው አይቀርም፦ «አግኝቼዋለሁ፣ መጀመሪያ በቴሌብር ትንሽ ላክ»። የሲሪያሉን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብልኝ በሉት። ካላነበበ ስልኩን ዝጉት።

ፖሊስ ጋ የምትሄዱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አይደለም፤ በዚያው ቀን ነው። ለድንገተኛ 991 አለ፤ ለአቤቱታ ግን ዕቃው የጠፋበት አካባቢ ያለው ጣቢያ ሂዱ። መታወቂያ፣ ደረሰኝና ሲሪያል ይዛችሁ ቃላችሁን ስጡ። ሲሪያሉ ቃላችሁ ውስጥ መጻፉን ከመፈረማችሁ በፊት አንብባችሁ አረጋግጡ፤ «አንድ ጥቁር ላፕቶፕ» ተብሎ ከተጻፈ ከሌላው ጥቁር ላፕቶፕ የሚለየው ነገር የለም። የመርማሪውን ስምና ስልክ ያዙ፣ አልፎ አልፎም ደውሉ።

ተያዘ ብለው ሲጠሯችሁ ቤት የቀረውን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ ሳይነሳ ደግሞ የእናንተ መሆኑን ማሳየት ይከብዳል። ኤግዚቢት (የወንጀሉ ማስረጃ) ሆኖ ፖሊስ ጋ ሊቆይ ስለሚችልም በዕለቱ ይዣለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።