የሟች ወታደሮችን ቁጥር ስታነቡ ወሩን እዩ

"የሟቾች ቁጥር ካለፈው ወር ቀነሰ" የሚል የጦርነት ዜና ስትሰሙ ቶሎ አትመኑ። መጀመሪያ የትኛው ወር እንደሆነ እዩ። አሜሪካ አፍጋኒስታን ውስጥ ያደረገችው ጦርነት ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ በእሱ እንሂድ።

ኤክሴል ክፈቱ፣ ወረቀትም ይሆናል። ወሮቹን ወደ ጎን፣ ዓመቶቹን ወደ ታች አድርጉ። ወሮቹን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩ፤ ሐምሌ የሚገባው ጁላይ 8 ስለሆነ ቁጥሩ ለሁለት ይሰነጠቅባችኋል። "ክረምት" የሚለው ቃልም ጉድ ይሠራል። የእኛ ክረምት ዝናቡ ነው፣ ጁላይና ኦገስት፤ እዚያ ደግሞ ውጊያው የሚግልበት ጊዜ። ብርዳቸውን "ክረምት" ብሎ የተረጎመ ዜና ካነበባችሁ ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የሚገባችሁ።

አሁን ቁጥሩን ሙሉ። በፈረንጆቹ 2009 የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች በጃንዋሪ 15፣ በኤፕሪል 6፣ በጁላይ 45፣ በዲሴምበር 18 ነበሩ። በ2010 ደግሞ ጃንዋሪ 30፣ ኤፕሪል 20፣ ጁላይ 65፣ ዲሴምበር 33። (እንደ ቆጣሪው አንድ ሁለት ከፍ ዝቅ ይላል።) ሙቀት ላይ ይወጣል፣ ብርድ ላይ ይወርዳል። የሂንዱ ኩሽ ተራሮች መተላለፊያ በሮች በበረዶ ሲዘጉ ከፓኪስታን በኩል ሰውና መሣሪያ ማሻገር ይከብዳል፤ ታሊባንም በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ ዘመቻውን ስም ሰጥቶ ያውጅ ነበር።

ግን ቆይ፣ ነገሩ በረዶ ብቻ ቢሆን ዝቅተኛው ወር ጃንዋሪ መሆን ነበረበት። በሁለቱም ዓመት ዝቅተኛው ኤፕሪል ነው። ለምን? በደቡብ፣ ሄልማንድና ካንዳሃር፣ ኦፒየም የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚወጣበት የፖፒ ተክል አዝመራው የሚሰበሰበው በኤፕሪልና በሜይ አካባቢ ስለሆነ፣ ብዙ ተዋጊ ጠመንጃውን አስቀምጦ የቀን ሥራ ይገባል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ስለዚህ የአየር ሁኔታውን ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ሥራም እዩ።

ቀጥሎ፣ አንድን ወር ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩ። ጃንዋሪ 2010 "ቀዝቃዛ ወር" ቢሆንም ካምናው እጥፍ ሆኗል። ከዚያ የሠራዊቱን ብዛት አስገቡ፤ ኦባማ ዲሴምበር 2009 ላይ ተጨማሪ 30 ሺህ ወታደር እንደሚልክ አስታውቆ ነበር። በጁላይ 2009 60 ሺህ ገደማ፣ በጁላይ 2010 95 ሺህ ገደማ ወታደር ነበር ብላችሁ ብታካፍሉ፣ ከሺህ ወታደር 0.75 እና 0.68 ይመጣል። ሟቹ በዛ፣ የእያንዳንዱ ወታደር አደጋ ግን አልጨመረም። የሟቹም የሠራዊቱም ቁጥር ያስፈልጋችኋል፣ አንዱን ብቻ የሚያሳያችሁን ሰው ጠርጥሩ።

አንድ ቀን የሚያበላሸው ወርም አለ። ኦክቶበር 2009 ላይ 59 ሰው ሞተ፣ የዓመቱ ከፍተኛ። ኦክቶበር 3 ካምዴሽ ላይ በተደረገው ውጊያ 8፣ ኦክቶበር 26 በሄሊኮፕተር አደጋዎች 11 ወታደሮች ሞተዋል። እነሱን ስታወጡ 40 ይቀራል፣ ልክ እንደ ሴፕቴምበር። በኦገስት 6፣ 2011 ደግሞ ዋርዳክ ውስጥ አንድ ሄሊኮፕተር ተመትቶ 30 አሜሪካውያን ባንዴ አልቀዋል። እንዲህ ዓይነቱን ቀን አትሰርዙ፣ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

ይሄን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ወደ ኢራቅ አትሂዱ። እዚያ የአሜሪካ ከባዱ ወር ኖቬምበር 2004 ነው፣ 137 ሟች፣ በፋሉጃ ውጊያ። ወሩን የወሰነው የዘመቻው ቀን እንጂ በረዶ አይደለም።

ከ2015 በኋላ ላሉት ዓመታት ደግሞ የውጭ ወታደሮችን ቁጥር ተዉት፣ ወቅት ለማየት በጣም ያንሳል። ውጊያው ወደ አፍጋኖቹ ዞሮ ነበር፤ የያኔው የአፍጋኒስታን ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ ጃንዋሪ 2019 ላይ እንደተናገሩት ከ2014 ወዲህ ከ45 ሺህ በላይ የአገሪቱ የጸጥታ ኃይል አባላት ተገድለዋል። ለእነሱ ሌላ ሰንጠረዥ ክፈቱ።