መኪናው ግቢ ከገባ በኋላ አትደውሉልኝ፦ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስትቀይሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመኪና ቻርጀር መግጠም ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። አብዛኛው ሰው ግን የሚደውለው መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው።

የቤቱን የመብራት መስመር ሳያዩ ለመኪና ቀብድ መክፈል። ይኼኛው በጣም ያበሳጨኛል። ስደርስ የማየው ያው ነው። ከሳሎን ሶኬት ኤክስቴንሽን በመስኮት ወጥቷል፣ ጫፉ ላይ ቻርጀር ተሰክቷል። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ ቀልጧል። ካውያ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰካው። መኪና ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ 10 አምፔር ይስባል። የላላች አንዲት ብሎን ካለች እዚያው ትግላለች። ልጆች የተኙበት ቤት እኮ ነው!

ተከራይ ያለበት ግቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆጣሪው አንድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ሲጨመርበት ድምሩ ወደ 50 አምፔር ይጠጋል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ግቢው ይጣላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከአራተኛ ፎቅ ገመድ ማውረድ አይታሰብም። መጀመሪያ ኮሚቴውን አነጋግሩ።

አንዲት እናት መኪና ሳይገዙ ደውለው «ልጄ፣ እስኪ መጀመሪያ ቆጣሪዬን እይልኝ» አሉኝ። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ዘረጋሁላቸው፣ የራሱን ብሬከርና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) አስገባሁለት። መኪናቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ሳገኝ ደስ እያለኝ እሠራለሁ።

ትልቅ ቻርጀር የግድ ነው ብሎ ማሰብ። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው የሚያጠፋው ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ደህና መስመር ካለው፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ትንሹ ቻርጀር በሦስት፣ አራት ሰዓት ይመልስለታል።

የሻጩን ኪሎሜትር ማመን። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ላይ የሚነገረው ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የወጣ ነው። በተለይ በፈጣን መንገድ ያን ያህል አይሄድም። በዚያ ላይ ዳገት አለ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ወደ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሜዳ ከ30 ኪሎሜትር በላይ ያስኬደው ነበር። የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ ወደ ደጀን ሽቅብ፣ በሁለቱም በኩል ከዚህ ይበልጣል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። ኑሯችሁ አዲስ አበባ፣ ሥራችሁ በየሳምንቱ ክፍለ ሀገር ከሆነ የቤንዚኗን ለጊዜው አትሽጡ።

እንጦጦ ላይ ሞልቶ ቁልቁል መውረድ። ባትሪው ጢም ካለ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከፍታ ቦታ የምትኖሩ ትንሽ አጉድሉለት።

የቻርጅ ቀዳዳውን አለማየት። ለቻይና ገበያ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው አይመሳሰሉም። የምትጠቀሙበት ጣቢያ የትኛው እንዳለው ጠይቁ።

ያገለገለ መኪና ሥሩን ሳያዩ መግዛት። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነው፤ ድንጋይና የፍጥነት መቀነሻ የሚመታውም እሱን ነው። በክሪክ አስነሱትና በባትሪ መብራት እዩት። ሽፋኑ ጎድጎድ ብሎ ወይም ተሰንጥቆ ካገኛችሁት ተዉት። ሻጩ አላስነሳም ካለም ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።